የግራዝማች የፍራፍሬ ሰላጣ

ባለፈው ፋሲካ ባሕር ዳር ልጄ ቤት ዋልኩ። ምሳው ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ የልጅ ልጄ ማኅሌት ከማቀዝቀዣው ውስጥ ትልቅ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አውጥታ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች። ሐብሐብ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና አናናስ ተከትፎ ተደባልቋል፤ ላዩ ላይ የሮማን ፍሬ ተነስንሶበታል። እንግዶቹ «ውይ ሲያምር!» እያሉ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡት። እኔም ማማሩን አልክድም። ማንኪያው ገብቶ ሲያገላብጠው ግን ያ ጣፋጭ፣ ወደ መኮምጠጥ የሚያደላ ሽታ መጣና ምራቅ አፌን ሞላው። የመጎምጀት ምራቅ አይደለም። ሰው ሊያስመልሰው ሲል ከጉንጩ ሥር የሚመነጨው፣ ጨው ጨው የሚለው ነው።

«እማማ፣ ላንቺም ላውጣልሽ?» አለችኝ ማኅሌት።

«ተይኝ የኔ ልጅ፣ ሆዴን ይነካኛል።»

ውሸቴን ነው። በዚህ ዕድሜዬም ሆዴ ያገኘውን ይፈጫል። ሙዝ ልጬ እበላለሁ፣ ብርቱካን እመጣለሁ፣ ማንጎ ከነቃጫው እግጣለሁ። ተከታትፎ፣ አንዱ ከሌላው ተደባልቆ፣ በራሱ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ግን ዓይኔ አይየው። ልጆቼ «እናታችን ጠማማ ናት» ብለው ትተውኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። ገበታ ላይ የሚነገር ነገር አይደለምና። እዚህ ግን ገበታ ላይ አይደለንም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የጋይንት፣ የቤተ ልሔም ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ድጓ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላክ እንደ ቅብጠት በሚታይበት ጊዜ አባቴ ደብረ ታቦር ወዳለው አጎቴ ልከውኝ ስምንተኛ ክፍል ጨረስኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሴቶች የባልትና ክፍል ነበረን። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ዘናጭ መምህርት ስፌትና ወጥ አሠራር ታስተምረን ነበር። አንድ ቀን ሙዝና ብርቱካን ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ስኳር ነስንሳ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ማንኪያ አቀመሰችን። «ይህ የፍራፍሬ ሰላጣ ይባላል» አለችን። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ወድጄው ነበር። ሎሚው ሙዙን ሲያነቃው እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ስምንተኛን እንደጨረስኩ የአባቴ እኅት፣ እትዬ አሰገደች፣ «እኔ ዘንድ ትቀመጥ፣ ከተማ ትልመድ» ብላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ወሰደችኝ። ባሏ ሞቶባት ጠጅ እየጣለች የምትተዳደር፣ ከሹም ከዳኛው ጋር የምትግባባ፣ ደፋር ሴት ነበረች። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን እያሰብኩ ሄድኩ። እሷ ያሰበችልኝ ግን ግራዝማች አድማሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ግራዝማች በዕድሜ አባቴን የሚያክል፣ ማዕረግ ያለው ሰው ነበር፤ እንደ ደንቡ «እሳቸው» ልለው ይገባኛል። በጊዜውም ፊቱ ቆሜ «እርስዎ» ብየዋለሁ። ዛሬ ግን ማንም አያስገድደኝምና «እሱ» እለዋለሁ። አንደበቴ አልታዘዝ ካለኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። በስማዳ ቆላ ሰፊ መሬት አለው፣ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት አለው፤ ያኔ ቆርቆሮ ቤት ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ያየሁት አክስቴ ቤት ለምሳ ሲመጣ ነው። ነጭ ተፈሪ ሱሪ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል፣ ሽቶ ተቀብቷል። ከሩቅ ሲያዩት የጸዳ ሰው ነው። ቀረብ ሲሉ ግን የግራ እጁን ትንሽ ጣት ጥፍር አሳድጎታል። በልቶ ሲጨርስ በዚያ ጥፍር ጥርሱን ይጎረጉራል፤ የወጣውን ዓይቶ፣ አሽትቶ፣ ከተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ ይጠርገዋል። ከዚያ በዚያው እጁ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ ጥርስሽን ልየው።»

በቅሎ የሚገዛ ይመስል ነበር። አክስቴ ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝ። አፌን ስከፍት ጉርሻ አጎረሰኝ፤ ጣቱ እስከ ጉሮሮዬ ገባ። ጥፍሩ ምላሴን ጫረኝ። ውጬ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጓሮ ወጥቼ አፌን በአመድ ፈተግሁት።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ አክስቴ ተከትላኝ።

«ቀፈፈኝ፣ እትዬ።»

«ይቀፍሻል? የቆርቆሮ ቤት እመቤት ስትሆኚ ይለቅሻል!»

በጥቅምት የዘውድ በዓል መጣ። ለበዓሉ ከደብረ ታቦር አንድ ትልቅ ሹም በላንድሮቨር እንደሚመጡና ግብሩ በግራዝማች ግቢ እንደሚሆን ተነገረ። ያን ዓመት ግን በዓሉ ዓርብ ላይ ዋለ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ግራዝማች አክስቴ ቤት መጥቶ በቁጭት ጭኑን መታ።

«ለእንዲህ ያለ እንግዳ ሽሮና ክክ አቅርቤ ልዋረድ? አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የበላሁት አንድ ነገር አለ። ፍሩሳላ ይሉታል። ሁሉ ዓይነት ፍሬ፣ ሁሉ ዓይነት ቀለም። ጾም አይሽር፣ ዓይን ያጠግባል።»

አክስቴ ወደ እኔ አየች። «የኔ ልጅ ትችልበታለች። ደብረ ታቦር ተምራዋለች።»

«እንግዲያስ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርገሽ ሥሪልኝ» አለኝ፤ «እንደ ሰንደቅ ዓላማው። ከዚያ በኋላ ለመሪጌታ ሽማግሎች እልካለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሰላጣው ካማረ እኔ ተዳርኩ ማለት ነው።

ፍሬው የመጣው ከስማዳ ቆላ፣ ከግራዝማች መሬት ነው። ያመጡት አያ ሞላ የሚባሉ፣ በመሬቱ ላይ የሚያርሱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። አህያቸውን ጭነው፣ ራሳቸውም በጀርባቸው ተሸክመው፣ በወገዳ በኩል አቀበቱን ወጥተው እኛው ደጅ ደረሱ። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የተሸከሙት ቅርጫት ከእሳቸው ይሰፋ ነበር። ሙዙን በደረቅ ሣር፣ ፓፓያውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለውታል። ብርቱካን አለ፣ ሎሚ አለ፣ ራስ ቅል የሚያህል ትርንጎ አለ። አንዱን ፓፓያ ከኮባው ገለጥ አድርገው፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው አሳዩኝ።

«ዕይው ልጄ። አንድ ቦታ አልተጫረም።»

ቆላው ራሱ ግቢያችን የገባ መሰለኝ። የበሰለ ፓፓያ ሽታ በደጋ ብርድ ውስጥ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው አይገባውም። እናቴም በዚያው ሰሞን ከጋይንት በመጣ ዘመድ እጅ ሮማን ልካልኝ ነበር፤ ለቀዩ እሱን አሰብኩ። ያን ጊዜ ግራዝማችን ረስቼ ስለ ቀለሙ ብቻ አሰብኩ መሰለኝ። ልጅ ነበርኩ።

ግራዝማች ግን ፍሬው እኛ ዘንድ አያድርም አለ። «ሰዉ ይሰርቀዋል።» ከነቅርጫቱ ወስዶ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ከወገቡ አሰረ። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ያልለፋ የበሬ ቆዳና የቆየ ቅቤ ይቀመጥበታል። «ግራዝማች፣ እንደዚህ ከታፈነ ይበላሻል፤ ጥላ ላይ ይዘርጋ» ብዬ ለመንኩት። «አንቺ የመሥራቱን አስቢ፣ የማስቀመጡን ለእኔ ተይው» አለኝ። አያ ሞላንም «እስከ በዓሉ ቆይ፣ ዳስ ትጥላለህ፣ እንጨት ትፈልጣለህ» ብሎ ያዛቸው። በዚያ ሳምንት ሁሉ ባሕር ዛፍ እየተሸከሙ በደጃፋችን ሲያልፉ አያቸው ነበር።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት በሩ ተከፈተ።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። የሞተ ነገር ሽታ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሰው አውቆ አፍንጫውን ይይዛል። ይህ ግን ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭ ሆኖ ደግሞ የቆዳ፣ የሻገተ ቅቤ፣ የጠላ አተላ ሽታ ተቀላቅሎበታል። ሙዙ ጠቁሮ፣ ቆዳው ፈንድቶ ውስጡ እንደ ንፍጥ ይወርዳል። ፓፓያው በራሱ ክብደት ሰምጦ፣ ውሃው በቅርጫቱ ሥር ፈስሶ የበሬውን ቆዳ አርሶታል። ቆዳው ላይ የነበረው ትል ወደ ጣፋጩ ወጥቷል። ነጭ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሰነፍ ትል። ዝንቡ እንደ ንብ ያጉረመርም ነበር። አያ ሞላ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

ቅርጫቶቹን ግቢ አውጥቼ መለየት ጀመርኩ። ክንዴን በነጠላ ጠቅልዬ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ደህናውን በዚህ፣ የበሰበሰውን በዚያ። ብርቱካኑና ሎሚው አብዛኛው ተርፏል። ትርንጎው ምንም አልሆነም። ከሙዙ ጥቂት፣ ከፓፓያው የአንዱ ግማሽ ተገኘ። ሁሉንም ደጋግሜ አጥቤ ከተፍኩት፣ የትርንጎውን አረንጓዴ ልጣጭ እንደ ክር ሰነጠቅሁት፣ የእናቴን ሮማን ፈለፈልኩበት። የቀረው መያዣው ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ጎድጓዳ ሳህን ስላልተገኘ አንድ ነጭ ሳፋ፣ ዳር ዳሩ ላይ አበባ የተሣለበት፣ ከግራዝማች ቤት መጣ። የእግር መታጠቢያው እንደሆነ ሠራተኛዋ በጆሮዬ ነገረችኝ። በአመድና በሎሚ ልጣጭ እጄ እስኪላላጥ ፈተግሁት።

ሲያልቅ ግን ያምር ነበር። ትንሽ ነው፣ የሳፋውን ሲሶ እንኳ አልሞላም፤ ግን አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩም እንደ ፍም ነበር።

ግራዝማች መጥቶ በላዩ አጎነበሰ።

«ይኸ ነው? ለማን ሊበቃ ነው ይኸ?»

«የቀረው በስብሷል፣ ግራዝማች።»

ዞሮ የጣልኩትን ክምር በዱላው ጫፍ ነካካው። ዝንቡ ብድግ አለ። «ይኸ እኮ ፍሬ ነው» አለ። «ልጣጩን ግፈፉና ጨምሩበት። ስኳር ጨምሩ፣ ጠጅ ጨምሩ፤ ማን ሊያየው ነው? ሳፋው መሙላት አለበት።»

«እኔ እጄን አላስገባበትም» አልኩ።

ግራዝማች አክስቴን አያት። አክስቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ያንን የጠቆረ፣ የሚዝለገለግ ነገር በሁለት እጇ እየዘገነች ወደ ሳፋው ትከተው፣ ስኳር ትደፋበት፣ ጠጅ ትገለብጥበት ጀመር፤ እስከ ክንዷም ገብታ አማሰለችው። የሮማኑ ቀይ ደበዘዘ፣ የትርንጎው ክር ሰመጠ፣ ሁሉም የቆሸሸ ቡናማ መልክ ያዘ። አንድ ትል ወደ ላይ ተንሳፈፈ። አክስቴ በሌባ ጣቷ ተጭና አሰመጠችው። ከዚያ ጣቷን ላሰች፤ ጣፋጩን ለመቅመስ።

«ደህና ነው» አለች።

ያኔ አንገቴን ማዞር ነበረብኝ።

ቅዳሴ ወጥቶ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ዘምረው፣ እንግዶቹ ዳሱ ውስጥ ሲሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሳፋው ይህን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር የመጡት ሹም ካኪ ኮት የለበሱ፣ ደንደን ያሉ ሰው ናቸው። በቀኛቸው ካህናቱ፣ በግራቸው ዳኛውና የአገሩ ትልልቅ ሰዎች ተቀመጡ። ሽሮው፣ ክኩ፣ ድንቹ ተበላ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከአንዱ ምሰሶ አጠገብ ቆሜያለሁ። ግራዝማች ብድግ ብሎ አጨበጨበና ሳፋው በሁለት ሰው ተይዞ ገባ። አክስቴ ላዩን በቀረው ሮማን ሸፍናው ስለነበር ከሩቅ ያብለጨልጫል።

«ይኸ ፍሩሳላ ይባላል» አለ ግራዝማች። «የሠራችው ያቺ ናት» ብሎ በዚያ ጥፍሩ ወደ እኔ አመለከተ። ሰዉ ዞሮ አየኝ።

ሹሙ ማንኪያቸውን ሞልተው ጎረሱ። አንዴ አኘኩ። ሁለተኛ ሊያኝኩ ሲሉ አገጫቸው ቆመ። ቀስ ብለው መሐረባቸውን አወጡና ተፉበት፤ ገልጠውም አዩት። አጠገባቸው የነበሩት ቄስም አብረው አዩ። ከመሐረቡ ላይ የሆነ ነገር እየተቆለመመ ነበር።

የግራዝማች ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ዓይኑ ተንከራተተና ከዳሱ በር ላይ፣ እንጨት ታቅፈው ከቆሙት አያ ሞላ ላይ አረፈ።

«አንተ! የበሰበሰ ነው ያመጣህብኝ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ደህና ነበር። እዚህ ሲደርስ ደህና...»

«ና! ግባ! እዚህ ተቀመጥ! አንተ ያመጣኸውን አንተ ብላው!»

አያ ሞላ እንጨቱን አስቀምጠው ገቡ። ሳፋው ፊት አስቀመጧቸው። ማንኪያ የሰጣቸው የለም። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው፣ አማትበው፣ ዘገኑ። ጎረሱ። ቡናማው ውሃ በሽበታቸው ላይ ወረደ። «ጨምር!» አለ ግራዝማች። ጨመሩ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ዳኛው ሳቀ። ሹሙም አፋቸውን በጠጅ ተጉመጥምጠው ተፉና፣ ነገሩ ወደ ቀልድ በመዞሩ ደስ ብሏቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ካህናቱ መሬት መሬት ያያሉ። ከመሐላቸው አንድም ሰው «ኧረ ተው» አላለም።

ማንቆርቆሪያውን መቼ እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ወደ መሐል ሄጄ ሳፋውን ከፊታቸው ሳብኩት።

«አያ ሞላ ደህና አድርገው ነው ያመጡት» አልኩ። «ቆልፈው ያበሰበሱት እርስዎ ነዎት፣ ግራዝማች። የጣልኩትንም መልሰው ያስጨመሩት እርስዎ ነዎት።»

ግራዝማች ሳቀ። «አያችሁልኝ፣ ሙሽራዬ አንደበት አላት» ብሎ ክንዴን ያዘኝና ወደ ራሱ ጎተተኝ። ፊቱ ፊቴ አጠገብ መጣ። ሽቶው፣ ጠጁ፣ ከሥር ደግሞ የሳፋው ሽታ። በክንዴ ሥጋ ላይ ያ ጥፍር ሲገባ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሆዴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ እዚያው፣ ነጩ ተፈሪ ሱሪ ላይ፣ የሚያበራው ጫማ ላይ አስመለስኩበት። አንዴ አልበቃኝም። ሁለተኛውን ለመሸሽ ሲሞክር ደረቱ ላይ አገኘሁት።

ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። ግን እንዲሁ በነፃ አልፈረሰም። ሰዉ ዳሱ ውስጥ እያለ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ልጅቱ አርግዛለች እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ከመቅጽበት ወሬው ግቢውን ዞረ። ግራዝማችም ያን ወሬ እንደ ምርኩዝ ያዘው፤ «የሰው ዲቃላ ተሸክማ ልታሸክመኝ ነበር» እያለ ልብሱን ሊቀይር ገባ። የበሰበሰው ፍሬ ተረሳ፤ ስለ እኔ ሆድ ብቻ ይወራ ጀመር። አክስቴ በማግሥቱ ማለዳ ልብሴን በነጠላ ቋጥራ ደጅ ወረወረችልኝ። «አዋረድሽኝ» አለች። «ልጅ አድርጌ ባስቀምጥሽ!» እጇ እስከ ክርኗ ያን ብስባሽ እንደተላበሰ ይታየኝ ስለነበር ተንበርክኬ ለመለመን እንኳ አልቻልኩም።

ከከተማው ዳር ከአያ ሞላ ጋር ተገናኘን። ባዶ ቅርጫታቸውን አህያዋ ላይ ጭነው ወደ ስማዳ እየተመለሱ ነው። መንገዳችን እስከ አንድ ወንዝ ድረስ አንድ ስለነበር አብረን ሄድን። የክረምቱ ጭቃ ከነከብቱ ኮቴ ደርቆ እግር ያደናቅፋል። ገብሱ ቢጫ መያዝ ጀምሯል፣ የባቄላው አበባ ነፋሱን ያጣፍጠዋል። ትንሽ እንደሄድን አያ ሞላ ቆም አሉ።

«ዞር በይ ልጄ» አሉኝ። ከቁጥቋጦው ኋላ ገብተው ሲያስመልሱ ሰማሁ። ተመልሰው መጡ፤ አፋቸውን ጠርገው ከአገልግላቸው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ቆሎው ደረቅ ነው፣ እጅ አያጣብቅም፣ ጥርስ ሥር ይሰበራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ንጹሕ ምግብ ሳስብ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የአህያዋን ጭነት አጥብቀው፣

«ምነው ዝም ብትይ ኖሮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ብበላው ቀኑ ያልፍ ነበር። አሁን ከመሬቱ ይነቅለኛል።»

«ያ ሁሉ ሰው እየሳቀብዎት?»

«ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ መሰለሽ?» አሉ። አህያዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሙዙን ስቆርጥ ልጆቼ ከሥሩ ቆመው ያዩኛል። አንዷን ሙዝ ልከፍልላቸው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት፤ የጌታ ነው፣ ይቆጠርብኛል ብዬ። ትንሿ አለቀሰች። መታኋት።»

ጥቂት ሄድን።

«ለዚያ ሳፋ ብዬ መታኋት» አሉ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጉልበታቸውን ልስም አጎነበስኩ፤ አልፈቀዱልኝም። «እግዜር ያግባሽ» ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ልሔም ገብቶ ነበር። እናቴ ደረቷን እየደቃች ተቀበለችኝ። አባቴ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻዬን አስቀመጡኝ።

«የሚባለው እውነት ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«በቃ» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ሌላው ሰው ግን ወራት ሙሉ ወገቤን እያየ ሰነበተ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ነጠላዬ ከሆዴ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ያም ዓይን ቢሆን የሚቀፍ ነው፤ ከዝንብ አይለይም፣ ያርፍብሻል፣ ስታባርሪው ተመልሶ ያርፋል።

ጾሙ ገብቶ ፋሲካ አለፈ፤ ሆዴም ሆዴ ሆኖ ቀረ። ያኔ ግራዝማች ሽማግሎች ላከ። ወሬው ሐሰት መሆኑ ታወቀ፣ ስሟን አነሣላታለሁ፣ ቂም አልያዝኩም፣ ላግባት ነው የሚለው። ሽማግሎቹ ለአባቴ ትልቅ ውለታ የዋሉ ያህል ተቀምጠው ጢማቸውን እያሻሹ ተናገሩ። እናቴም ከጓዳ በር ላይ ሆና በዓይኗ ትለምናለች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ያ ጥፍር እንደገና ምላሴን የጫረኝ መሰለኝ።

አባቴ አዳምጠው ጨረሱ። መቋሚያቸውን አገላበጡና፣

«እምቢ ያለችው ልጄ ብትሆን ኖሮ እመክራት፣ እገሥጻት ነበር» አሉ። «እምቢ ያለው ግን ሆዷ ነው። እኔ ከሆድ ጋር እንዴት ብዬ ልሟገት?»

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሰው ሳቅ ከዚያ ዳስ ወዲህ መጀመሪያ ያልቀፈፈኝ ያን ጊዜ ነው። በመስከረም ደብረ ታቦር ተመልሼ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ ታሪክ ነው፤ አስተማሪ ሆኛለሁ፣ የወደድኩትን አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ።

አያ ሞላን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ከስማዳ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር። አንዱ ተነቅለው በለሳ ሄዱ አለኝ፤ ሌላው እዚያው ሞቱ አለኝ፤ ሌላውም እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አለኝ።

የፋሲካ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለማኅሌት ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሳፋው ላይ ስደርስ አፏን በእጇ ያዘች፤ ማስመለሴ ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች። በመጨረሻ «እማማ፣ ያኔ ከሁሉ የቀፈፈሽ ምን ነበር?» አለችኝ። ትሉ ትለኛለች ብላ የጠበቀች ይመስለኛል። እኔም ትሉ ልላት ነበር። አፌን ስከፍት ግን አንዲት ያላየኋት ልጅ መጣችብኝ፤ ስማዳ ቆላ ውስጥ ከሙዝ ሥር ቆማ፣ አባቷ ለምን እንደመታት ሳይገባት የምታለቅስ። በሕይወት ካለች ዛሬ እንደ እኔ አሮጊት ናት። ያ ሙዝ የት እንደገባ፣ ማን እንደበላው፣ ማን እንደተፋው የነገራት ሰው ይኖር ይሆን? እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጸይፌያለሁ፤ ብዙዎቹን በውሃና በአመድ አስለቅቄያለሁ። እሷ የተመታችውን ምት ግን የማጥብበት ነገር አላገኘሁም።